የሴቶች የጥንድ ቴኒስ ሙያ በዳላስና በፎርት ዎርዝ

ቴኒስ አንድ ለአንድ የሚገጠምበት የነጠላ ጨዋታ እና ከመረቡ በየወገኑ ሁለት ሁለት ሆነው የሚሰለፉበት የጥንድ ጨዋታ አለው፤ ይህን ሁለተኛውን የስፖርት ሰዎች «ደብል» ይሉታል። የነጠላ ሜዳ ስፋት 8.23 ሜትር ሲሆን ለጥንድ በግራና በቀኝ 1.37 ሜትር እየተጨመረ 10.97 ሜትር ይደርሳል። ሜዳው በጥቂቱ ሲሰፋ የተጫዋቾቹ ቁጥር በእጥፍ ስለሚጨምር ክፍት ቦታው ይጠባል፤ በመሆኑም ከኋላ መስመር ሆኖ ኳስ ከመመላለስ ይልቅ ወደ መረቡ ተጠግቶ ኳሷ መሬት ሳትነካ መምታት፣ ማለትም ቮሊ፣ የጨዋታው ዋና መሣሪያ ይሆናል፤ ባልደረባ ወዴት እንደምትንቀሳቀስ ሳይነጋገሩ ማወቅም የሙያው መሠረት ነው። የጥንድ ተጫዋችነት እንግዲህ ከነጠላ ውድድር በተረፈ ጊዜ የሚሠራ ተጨማሪ ሥራ ሳይሆን የራሱ ጥበብ ያለው ሙያ ነው፤ ይሁን እንጂ በቴኒስ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚሰጠው ቦታ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው። በሰሜን ቴክሳስ ጎን ለጎን ያደጉት የዳላስና የፎርት ዎርዝ ከተሞች ያለፉት ስድሳ ዓመታት ታሪክ ይህንን ጉድለት በከፊል ለመሙላት ይረዳል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የዳላስ የሴቶች ቴኒስ ታሪክ ከሞሪን ኮኖሊ ስም ተለይቶ አይታይም። በካሊፎርኒያዋ ሳን ዲዬጎ የተወለደችው ኮኖሊ በ1953 የአውስትራሊያን፣ የፈረንሳይን፣ የዊምብልደንንና የአሜሪካን ውድድሮች፣ ማለትም ግራንድ ስላም የሚባሉትን አራቱን ታላላቅ ዋንጫዎች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በነጠላ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያን የጥንድ ዋንጫ ከጁሊያ ሳምፕሰን ጋር፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የፈረንሳይን ከኔል ሆፕማን ጋር ወስዳለች። በሐምሌ 1954 በፈረስ ላይ ሳለች ከከባድ መኪና ጋር በደረሰባት ግጭት እግሯ በጽኑ ስለተጎዳ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላት ከውድድር ወጣች። ከባለቤቷ ከኖርማን ብሪንከር ጋር ኑሮዋን በዳላስ ካደረገች በኋላ፣ በ1968 ከናንሲ ጄፈት ጋር ሆና ወጣት ተጫዋቾችን የሚረዳውን የሞሪን ኮኖሊ ብሪንከር የቴኒስ ፋውንዴሽን አቋቋመች። በሰኔ 21 ቀን 1969 በሠላሳ አራት ዓመቷ በካንሰር ስትሞት በዚያችው ከተማ የተወለደችው አን ስሚዝ አሥር ዓመት ሊሞላት አሥር ቀን ቀርቷት ነበር።

የሴቶቹ ሙያ ሁለተኛ መሠረት የተጣለው በዚያው በቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ ነው። በ1970 በሎስ አንጀለስ ሊካሄድ በታቀደ ውድድር ለወንዱ አሸናፊ 12,500 ዶላር፣ ለሴቷ ግን 1,500 ዶላር ብቻ መመደቡ ቅሬታ ስላስነሣ፣ «ወርልድ ቴኒስ» የተሰኘው መጽሔት አሳታሚ ግላዲስ ሄልድማን በሂውስተን ለሴቶች ብቻ የሚሆን ውድድር አዘጋጀች፤ በመስከረም ወርም ቢሊ ጂን ኪንግና ሮዚ ካሳልስ የሚገኙባቸው ዘጠኝ ሴቶች እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር የሙያ ውል ፈረሙ። «ቨርጂኒያ ስሊምስ» በተባለው የሲጋራ ምርት ስም የተጠራው የውድድር ዙር ከዚህ ተነሣ። ዳላስም የዚህ ዙር አንዷ መቆሚያ ሆና፣ መጀመሪያ በኮኖሊ ስም ይጠራ የነበረውን ዓመታዊ ውድድር እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ አስተናግዳለች። የሂውስተኑ ውል የሚታወሰው በነጠላ ተጫዋቾች ትግልነቱ ቢሆንም፣ ኪንግና ካሳልስ በዘመኑ ከነበሩት ጥንዶች ሁሉ የላቁ እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም።

አን ስሚዝ ለጥንድ ሙያ የዳላስ ዋነኛ ምስክር ናት። በ1977 በፈረንሳይ ውድድር የልጃገረዶችን የነጠላ ዋንጫ ያሸነፈች ሲሆን፣ በሳን አንቶኒዮ በሚገኘው ትሪኒቲ ዩኒቨርሲቲም ተምራለች። የስሟ መነሻ ግን ከፔንሲልቬኒያዋ ካቲ ጆርዳን ጋር መጣመሯ ነው። ሁለቱ በ1980 በፈረንሳይ የፍጻሜ ጨዋታ ተጋጣሚዎቻቸውን 6-1፣ 6-0 ረቱ፤ ከሳምንታት በኋላም በዊምብልደን ካሳልስንና አውስትራሊያዊቷን ዌንዲ ተርንቡልን፣ የመጀመሪያውን ምድብ (የጨዋታውን የመጀመሪያ ክፍል) ከተሸነፉ በኋላ፣ 4-6፣ 7-5፣ 6-1 አሸነፉ። በዚህ ጨዋታ ከመረቡ ማዶ የቆመችው ካሳልስ ከዚያ አሥር ዓመት አስቀድሞ በሂውስተን የአንድ ዶላሩን ውል ከፈረሙት አንዷ እንደነበረች ስናስታውስ፣ አዲሱ ትውልድ ሙያውን የተቀበለው ከራሳቸው ከመሥራቾቹ እጅ መሆኑ ይገለጣል። በ1981 ስሚዝና ጆርዳን የአሜሪካን ዋንጫ ከነዚያው ከካሳልስና ከተርንቡል ወሰዱ፤ በዓመቱ መጨረሻም በአውስትራሊያ ማርቲና ናቭራቲሎቫንና ፓም ሽራይቨርን 6-2፣ 7-5 ስላሸነፉ፣ በሃያ ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አራቱን ታላላቅ ዋንጫዎች በጥንድነት አሟሉ።

ስሚዝ ከዚህ በተጨማሪ በድብልቅ ጥንድ፣ ማለትም አንዲት ሴትና አንድ ወንድ በሚጣመሩበት ጨዋታ፣ አምስት ታላላቅ ዋንጫዎች አግኝታለች፤ ከአምስቱ ሦስቱን ያሸነፈችው ከደቡብ አፍሪካዊው ኬቨን ከረን ጋር ሲሆን፣ ሁለቱን የፈረንሳይ ድሎች ደግሞ በ1980 ከቢሊ ማርቲን፣ በ1984 ከዲክ ስቶክተን ጋር ተቀዳጅታለች። በሴቶች ጥንድ ካገኘቻቸው አምስት ጋር ሲደመሩ አሥር ይሆናሉ። አሥር ታላላቅ ዋንጫዎች በነጠላ ቢሆኑ ኖሮ የማንንም ስም በየቤቱ ባስጠሩ ነበር። ስሚዝ ከፍተኛ ደረጃዋ ላይ በነበረችበት ጊዜ በኮምፒዩተር የሚሰላው የሴቶች የጥንድ ደረጃ ሰንጠረዥ እንኳ ገና አልወጣም፤ ሰንጠረዡ የተጀመረው በ1984 ነው። በኋላም በኦስቲን ከሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪዋን ተቀብላለች።

አምስተኛውን የሴቶች ጥንድ ዋንጫ፣ የ1982ቱን የፈረንሳይ ድል፣ ስሚዝ ያገኘችው ከናቭራቲሎቫ ጋር ነው። ከቼኮዝሎቫኪያ የተሰደደችው ናቭራቲሎቫ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዳላስ፣ ቆይታም በፎርት ዎርዝ ኖራለች። ቋሚ ባልደረባዋ ከነበረችው ከሽራይቨር ጋር ከሚያዝያ 1983 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ከሁለት ወር በላይ 109 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈች፤ በመካከሉም በ1984 አራቱን ዋንጫዎች በአንድ ዓመት ጠቀለሉ። ይህ ሰንሰለት የተበጠሰው በ1985 የዊምብልደን ፍጻሜ ሲሆን፣ ያሸነፉት አውስትራሊያዊቷ ሊዝ ስማይሊ እና የስሚዝ የቀድሞ ባልደረባ ካቲ ጆርዳን ናቸው። ጥንድ ሲፈርስ አንዷ ተጫዋች ያካበተችውን ዕውቀት ይዛ ወደ ሌላ ጥንድ እንደምትሸጋገር ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

የዓመቱ ስምንት ምርጥ ጥንዶች ብቻ የሚገናኙበት የሴቶች ቴኒስ ማኅበር የማጠቃለያ ውድድር በ2022 ወደ ፎርት ዎርዝ የመጣበት ምክንያትም ከአንዲት የጥንድ ተጫዋች ጋር ይያያዛል። ውድድሩ የተመደበው ለቻይናዋ ሸንዠን ነበር፤ ነገር ግን ከኮቪድ ገደቦች በተጨማሪ፣ በ2014 በጥንድ የዓለም አንደኛ የነበረችው ፔንግ ሹዋይ በአንድ የቀድሞ ከፍተኛ ባለሥልጣን ላይ የወሲብ ማስገደድ ክስ በይፋ ካሰማች በኋላ ከሕዝብ ዓይን በመሰወሯ፣ ማኅበሩ በታኅሣሥ 2021 በቻይና የሚያካሂዳቸውን ውድድሮች አቋረጠ። ፎርት ዎርዝ መመረጧ የተገለጸው ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ወር እንኳ ሳይቀረው ነው።

በዲኪስ አሬና ለጥንዱ ፍጻሜ የቀረቡት የሩሲያዋ ቬሮኒካ ኩደርሜቶቫና የቤልጂየሟ ኤሊዝ መርተንስ በአንድ ወገን፣ ቼካውያኑ ባርቦራ ክሬይቺኮቫና ካተሪና ሲኒያኮቫ በሌላው ነበሩ። በማኅበሩ የዛሬ የጥንድ ሕግ ሁለቱ ምድቦች እኩል ሲሆኑ ሦስተኛ ምድብ አይጫወቱም፤ በሁለት ነጥብ ብልጫ አሥር ነጥብ ቀድሞ የሚደርስ ያሸንፋል። ኩደርሜቶቫና መርተንስ 6-2፣ 4-6፣ 11-9 ረቱ። በሁለት ነጥብ ልዩነት የተሸነፉት ቼካውያን በዚያው ዓመት መስከረም የአሜሪካን ዋንጫ በማግኘት አራቱን ታላላቅ ዋንጫዎች በጥንድነት አሟልተው ነበር፤ የዳላሷ ልጅ ከካቲ ጆርዳን ጋር ይህንኑ ካደረገች አርባ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውት ነበር።