ከኋላ የቆመው

ኳስ የጀመርኩት በጣራ ገዳም ግርጌ፣ አዲስ ዘመን ላይ፣ በካልሲ ኳስ ነው። ቁመቴ ረዘም ይል ስለነበር ታላላቆቻችን «ለቴስታ ትሆናለህ፣ ከኋላ ቁም» አሉኝ። በዚያው ተከላካይ ሆኜ ቀረሁ።

ወጣትነቱን አዲስ አበባ ያሳለፈ አጎት ነበረኝ። ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 13 ቀን 1954፣ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችበትን ጨዋታ እንደ ዳዊት ይደግመው ነበር። ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎ፣ መንግሥቱ ወርቁ፤ አራቱ አግቢዎች በቅደም ተከተል። «ጋሼ፣ ከኋላስ ማን ነበረ?» ስለው ዝም ይላል። ክፍሎም አርአያንና አዋድ መሐመድን ያወቅኋቸው አድጌ፣ አንብቤ ነው። ግብፅ በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ መርታለች። ጨዋታው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ሲሄድ ሦስተኛ ጎል እንዳይገባ የከለከሉ ሰዎች ነበሩ። ስማቸው ከአግቢዎቹ እኩል ሲጠራ አለመስማቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለዚህ ነው ያሬድ ባየህን የምወደው። የመሀል ተከላካይ ነው፤ የፋሲል ከነማ አምበል ሆኖ በ2013 ክለቡን ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ካደረጉት አንዱ ነው። በአሰልጣኝ ሥዩም ከበደ የሚመራው ቡድን ያን ዓመት በኮሮና ምክንያት እንደ ሌሎቹ ክለቦች ከከተማ ከተማ እየዞረ ነበር የሚጫወተው። ሊጉም ያኔ ነው በዲኤስቲቪ መታየት የጀመረው። እኛ የደቡብ ጎንደር ሰዎች «ዓፄዎቹ» የምንላቸውን የፋሲሎችን ጨዋታ በሻይ ቤት ተጠጋግተን እናይ ነበር። ሁሉም ሰው ኳሷን ሲከተል እኔ ያሬድን ነበር የማየው፤ ኳሷ ገና ሳትደርስ የት እንደሚቆም፣ አጠገቡ ያለውን ተከላካይ እንዴት እንደሚጠራ። ጥሩ ተከላካይ ሸርተቴ አያበዛም። ቀድሞ ስለሚደርስ መውደቅ አያስፈልገውም።

በዚያው ዓመት ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት የመድፍ ድምፅ ደብረ ታቦር ድረስ ደርሶ ነበር። ገና ከዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 1 ቀን 2014፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ብሔራዊ ቡድናችን የአፍሪካ ዋንጫን ያውንዴ ላይ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ሲጀምር ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር፤ ሰው ደስታ ተርቦ ነበር። በ12ኛው ደቂቃ የኬፕ ቨርዴው አጥቂ ጁሊዮ ታቫሬዝ ወደ በረኛችን ሲያመልጥ ያሬድ ጣለው። ዳኛው ቪኤአር አይተው ቀይ ካርድ መዘዙ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ስድቡ መጣ።

እኔም ልጅ ሆኜ አንድ ጊዜ ያመለጠኝን አጥቂ በማልያው ይዤ አስቀርቼዋለሁ። በዚያ ቅጽበት ማሰቢያ ጊዜ የለም፤ ከኋላህ በረኛ ብቻ ነው ያለው፣ እጅህ ወይም እግርህ ካንተ ቀድሞ ይዘረጋል። አጥቂ አምስት ቢስት ስድስተኛውን አግብቶ ይታረቃል። ተከላካይ ይህ ዕድል የለውም።

ያን ምሽት ታቫሬዝ በመጀመሪያው አጋማሽ ማብቂያ አገባ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ስንወጣ አጠገቤ የነበረውን ወጣት «በዐሥር ሰው ከ70 ደቂቃ በላይ ተጫውተው የገባባቸው አንድ ብቻ ነው እኮ» አልኩት። «ጋሼ፣ መሸነፍ መሸነፍ ነው» ብሎኝ ጋቢውን ተከናንቦ ሄደ።