ግሌዝ የማያውቀው ሸክላ፦ ከወለቃ እስከ ፔታህ ቲክቫ

ከፔታህ ቲክቫ በስተምሥራቅ፣ የያርኮን ወንዝ ከሚመነጭበት ምንጭ አጠገብ አንድ ጉብታ አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ አፌቅ ነው። በሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 4 እንደተጻፈው ፍልስጥኤማውያን እዚህ ሰፈሩ፤ ከሴሎ የወጣችው ታቦትም በዚሁ ግድም በተደረገው ጦርነት ተማረከች። ኋላ ታላቁ ሄሮድስ በቦታው ከተማ ሠርቶ በአባቱ ስም አንቲጳጥሪስ አለው። ወታደሮች ሐዋርያው ጳውሎስን ከኢየሩሳሌም በሌሊት ይዘው የመጡት ወደዚህ ነበር። ዛሬ በጉብታው አናት ላይ ኦቶማኖች በ16ኛው መቶ ዘመን የሠሩት ምሽግ ግድግዳ ቆሟል።

ከ1972 እስከ 1985 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ሞሼ ኮሃቪ ባልደረቦቹን ይዞ ቦታውን ቆፈረ። ከአፈሩ በብዛት የወጣው ወርቅም ብርም አልነበረም፤ ገል ነው። ፒርሂያ ቤክ የተባለችው ተመራማሪ ያንን ገል በቅርጹና በቅቡ እየለየች የመካከለኛውን የነሐስ ዘመን ቅደም ተከተል አወጣችበት፤ በዚያ ዘመን ሸክላ ላይ ሥራ ያለው ሰው እስከ ዛሬ የአፌቅን ገል ሳይጠቅስ አያልፍም። ቀይና ጥቁር መስመር የተሰመረባቸው ማሰሮዎች፣ ክብ በክብ ውስጥ የተሳለባቸው ገንቦዎች ተገኝተዋል። ከላይኛው ንብርብር ደግሞ የፍልስጥኤማውያን ሸክላ ወጣ። እነዚህ ሰዎች ዕቃውን መጀመሪያ በነጭ አፈር ውሃ ይለቀልቁታል፤ ከዚያ በቀይና በጥቁር ጥምዝምዝና አንገቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወፍ ይሥሉበታል። በዕለት ኑሮ ዕቃቸው ላይ ይህን ያህል መድከማቸው፣ ስማቸውን በጦርነት ብቻ ለሰማን ለእኛ ትንሽ ሊገርመን ይገባል።

ከሁሉም ለጉዳያችን የሚቀርበው አንድ ትንሽ ሰሌዳ ነው። የግብፁ ፈርዖን ዳግማዊ ራምሴስ ስም የተጻፈበት፣ ለሕንጻ መሠረት ተብሎ የተቀበረ ሰሌዳ ከአፌቅ ተገኝቷል። የተሠራው ፋየንስ ከሚባል ነገር ነው፤ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ ከሶዳ አመድና ከመዳብ ጋር ተለውሶ ሲተኮስ ላዩ እንደ ብርጭቆ ያብረቀርቃል። ዛሬ የሸክላ ባለሙያዎች ግሌዝ የሚሉት የብርጭቆ ልባስ የዘር ሐረጉ ወደዚህ ይደርሳል። ግብፃውያን ከ5 ሺህ ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። በሸክላ ዕቃ ላይ በደንብ መያዝ የጀመረው ግን ዘግይቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት አጋማሽ በመስጴጦምያ ነው።

የግሌዝ ምስጢር አሸዋና እሳት ነው። ንጹሕ አሸዋ ለመቅለጥ 1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈልጋል፤ ይህን ያህል እሳት የሚችል ተራ ሸክላ የለም። ስለዚህ አሸዋውን ቶሎ የሚያቀልጥ ነገር ይጨመርበታል፦ ሶዳ፣ የእንጨት አመድ፣ በድሮ ጊዜ ደግሞ እርሳስ። የሸክላው ዘር የሆነው አሉሚና ሲታከልበት ልባሱ ወደ ታች ከመፍሰስ ይድናል። ቀለሙ የሚመጣው ከማዕድን ነው፤ መዳብ አረንጓዴና ውሃ ሰማያዊ፣ ኮባልት ደማቅ ሰማያዊ፣ ብረት ከማር መልክ እስከ ጥቁር፣ ቆርቆሮ ድፍን ነጭ ይሰጣል። ሠዓሊው ዕቃው አንድ ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ሥሎበት ግሌዙን ከላይ ቢያለብሰው ሥዕሉ ከብርጭቆው ሥር ለዘለዓለም ይቀራል። በግሌዙ ላይ ቢሥል ቀለሙ ይደምቃል፣ ግን እየታጠበ ሊለቅ ይችላል። ልባሱና ገላው ሲቀዘቅዙ እኩል ካልተኮማተሩ ደግሞ ላዩ በጭረት ይሞላል። የእርሳሱ ነገር ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ሎሚ ወይም ቲማቲም ያለበት ምግብ በደንብ ካልተተኮሰ የእርሳስ ግሌዝ መርዙን ይጎትታልና።

አሁን ወደ እኛ ሰዎች እንምጣ። ፔታህ ቲክቫን በ1878 የቆረቆሯት ከኢየሩሳሌም የወጡ ጥቂት ሃይማኖተኛ አይሁዶች ናቸው፤ ረግረጉና ወባው አባሯቸው እንደገና ተመልሰው ነው ያቀኗት። በ1937 ከተማ ተባለች። ዛሬ ቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። ከእነሱ ብዙዎቹ ወይም ወላጆቻቸው አገሪቱን የረገጡት ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በሱዳን በኩል በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ፣ ወይም በግንቦት 1991 ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ባጓጓዘው የሰሎሞን ዘመቻ ነው። በዚያ አውሮፕላን እንስራ አልተጫነም። የእናቶቹ እጅ ግን የሸክላ ሙያውን ይዞ ነበር።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ የምትገኘው ወለቃ የዚያ ሙያ ስመ ጥር መንደር ናት። የቤተ እስራኤል ወንዶች በዚያ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ይሸምኑ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ጎንደር በአፄ ፋሲል ዘመን መናገሻ ስትሆን ግንብ ካነጹት መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩበት። ከዚያ በፊት በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በአፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ያልተጠመቀ ርስት አይወርስም የተባለው ውሳኔ በታሪካቸው የሚጠቀስ ነው። ርስት ያጣ ሰው በእጁ ሥራ ያድራል። በእጁ ሥራ ያደረውን ደግሞ ጎረቤቱ “ጠይብ”፣ “ቡዳ” አለው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ፈራው። ተመራማሪዋ ሐጋር ሳላሞን በ1999 ስለ ቤተ እስራኤል ያሳተመችውን መጽሐፍ “የጅብ ሰዎች” ብላ የሰየመችው ከዚሁ ተነሥታ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ሆኖም ድስቱን በገበያ ገዝቶ ወጥ የሚሠራበት ሰው ሠሪዋን ማማት አልተወም። ከዚህ የበለጠ ውለታ ቢስነት በታሪካችን ፈልጌ አላገኘሁም።

ወለቃ ላይ ግሌዝ የለም። በመላው የኢትዮጵያ ደጋ ባህላዊ ሸክላ ላይም የለም። ከውጭ የመጣ ግሌዝ የነካው ዕቃ ግን እንግዳችን አልነበረም፤ በአክሱም ቁፋሮ ከመስጴጦምያ አካባቢ የመጣ ሰማያዊ ልባስ ያለው ገል ተገኝቷል። ታዲያ ሸክላ ሠሪዎቻችን ለምን አልያዙትም? “አላወቁበትም” የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ እኔ አልቀበለውም። ምክንያቱ ምድጃው ላይ ነው። በጉልቻ ላይ የሚጣድ ምጣድና ድስት እሳቱን ፊት ለፊት ይቀበላል። ገላው ገል ተወቅጦ የተቀላቀለበትና በትንንሽ ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ድንገተኛውን ግለት ችሎ ያድራል። ከላይ ብርጭቆ ቢለብስ ግን ልባሱ ተሰነጣጥቆ ሊረግፍ ይችላል። እንስራውም ቢሆን ውሃ የሚያቀዘቅዘው በገላው እያላበ ነው፤ ግሌዝ የለበሰ እንስራ ውሃውን ለብ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

የወለቃዋ ሸክላ ሠሪ አፈሩን ራሷ ትቆፍራለች፣ ትሸከማለች፣ ታደርቃለች፣ ትወቅጣለች፣ ትነፋለች። ከዚያ ታቦካዋለች። የሚሽከረከር መሣሪያ የላትም፤ ጭቃውን በእጇ እየጠቀለለች ትቀጥለዋለች፣ ራሷ በዕቃው ዙሪያ ትዞራለች። ዕቃው ከፊል ሲደርቅ የጌጡ ሥራ ይጀምራል። በሹል እንጨት ትጭራለች፤ ጉጥና ጆሮ ትለጥፋለች፤ ከዚያ ከወንዝ በተለቀመ ለስላሳ ጠጠር ላዩን ታሻለች። ይህ ማሸት ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአፈሩ ደቃቅ ልም እየተጋደመ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ያለ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ቆዳ የሚወጣው ከዚህ ነው። ጊዜው ካለፈ፣ ዕቃው በጣም ከደረቀ፣ ጠጠሩ ይቧጭረዋል እንጂ አያለሰልሰውም።

እሳቱ ሜዳ ላይ ነው፤ ኩበት፣ እንጨት፣ ገለባ። ግለቱ ብዙ ጊዜ ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ይደርሳል። ጥቁር ዕቃ ሲፈለግ ጋል ያለው ሸክላ በቅጠል ወይም በገለባ ይታፈናል፤ ጢሱ መውጫ ሲያጣ ጥላሸቱ ወደ ገላው ይሰርጋል። ያ ጥቁረት በቅብ የመጣ አይደለምና ቢታጠብም አይለቅም። ሥራው በገበያ ላይም አያልቅም፤ የገዛችው ሴት ትቀጥለዋለች። ምጣዱ በጎመን ዘር ይታሰሳል፣ ጀበናው ይሟሻል፣ የጠላው ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ቅባቱና ጢሱ በቀዳዳው እየገባ ዕቃውን ያጠነክረዋል። በአጭሩ፣ የኢትዮጵያ ሸክላ ግሌዙን የሚለብሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ሥራውን የሚጨርሱትም ሁለት ሴቶች ናቸው።

ቀዳዳው ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ የበላውን አይተፋም። ኦሪት ዘሌዋውያን ርኩስ ነገር የነካው የሸክላ ዕቃ ይሰበር ይላል። ቤተ እስራኤል ይህን እንደ ቃሉ ይዘው ኖሩ። ለፋሲካ፣ እርሾ ከቤት በሚወገድበት ሰሞን፣ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ያበሰሉበትን ሸክላ ሰብረው በአዲስ ይተኩ ነበር። ሠሪዎቹ ራሳቸው በመሆናቸው ይህ ሊሆን ቻለ፤ ሸክላ ገዝቶ የሚኖር ሕዝብ በየዓመቱ ቤቱን ሙሉ ዕቃ መስበር በከበደው ነበር።

ቤተ እስራኤል ባልደረሳቸው በባቢሎን ታልሙድ ውስጥ ይኸው ጉዳይ ከግሌዝ ጋር ተያይዞ ተነሥቷል። ሜሬማር የተባለውን መምህር ግሌዝ በለበሰ ዕቃ ፋሲካን መብላት ይቻል እንደሆነ ጠየቁት። የጥያቄው መነሻ ግልጽ ነው፦ ላዩ ብርጭቆ ከሆነ ምን ይመጥጣል? መምህሩ ዕቃዎቹ ሲያልቡ አይቻለሁና ይመጥጣሉ፣ ሸክላም የመጠጠውን አይለቅም ብሎ ከለከለ። ከ1,500 ዓመት በፊት በባቢሎን የተነሣው ይህ ጥያቄና የወለቃዋ እናት ትሰብረው የነበረው ድስት በአንድ ሐሳብ ላይ ያርፋሉ። በእስራኤል የቤተ እስራኤል ሴቶች ብረት ድስት ሲገዙ መስበሩ ቀረ፤ ብረት በፈላ ውሃ ይነጻልና።

ስለ ወለቃ ብዙው ቱሪስት የሚያውቀው ድስቱን ሳይሆን ምስሎቹን ነው፦ የይሁዳ አንበሳ፣ ኦሪት የያዘ ቄስ፣ ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ የተቀረጸበት ወፍ፣ አንድ አልጋ ላይ የተኙ ሰሎሞንና ሳባ። እነዚህ የተስፋፉት በ20ኛው መቶ ዘመን ለጎብኚ ገበያ ነው። አንዳንድ ሰው “ጥንታዊ አይደሉም” ብሎ ያናንቃቸዋል። እኔ ግን ስድብ ያተረፈ እጅ በመጨረሻ ስሙንና ሃይማኖቱን በጭቃ ቀርጾ ለባዕድ መሸጡን ብልህነት እለዋለሁ። ቤተ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ምስሎቹን መሥራት የቀጠሉት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ፕላውሼር የተባለው የሴቶች የእደ ጥበብ ማሠልጠኛም በዚያው መንደር ሙያውን ለማቆየት ሠርቷል።

ቤተ እስራኤል የገቡበት አገር ደግሞ በግሌዝ የሚኮራ ነበር። በ1919 እንግሊዞች የኢየሩሳሌሙን የድንጋይ ጉልላት ሸክላ ለማስጠገን ዳዊት ኦሐኔሲያን የተባለውን አርመናዊ አስመጡ፤ እሱም ከኩታህያ ሠዓሊዎችን ጠራ። በ1922 ከእነሱ መካከል ባሊያንና ካራካሺያን የራሳቸውን ሥራ ቤት ከፈቱ። ዛሬ በኢየሩሳሌም የመንገድ ስም ሰሌዳ ላይ የሚታየው ሰማያዊና ነጭ የአርመን ሸክላ መነሻው ይህ ነው።

እንዲህ ባለ አገር ጭቃ በከረጢት ይገዛል፣ እቶኑ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ ግሌዝ በባልዲ ተዘጋጅቶ ይመጣል። በአፓርታማ ፎቅ ኩበት ማንደድ አይቻልም። ሴቶቹን ሸክላ ከመሥራት ያስቆማቸው ግን ቁሳቁሱ ብቻ አይደለም። ብዙ ሴቶች ሸክላ ሠሪ መባልን ትተው መምጣት ፈልገው ነበር፤ ስድቡን ከጎንደር ያውቁታል። በእስራኤልም ቢሆን በ2009 የፔታህ ቲክቫ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያ ተወላጅ ልጆችን አንቀበልም ማለታቸው አገር አነጋግሯል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እናት ልጇን “ነይ ጭቃ ላሳይሽ” ማለት ይከብዳታል። በአዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶችም በዚሁ ስም ሲሸማቀቁ ኖረዋል፤ ልዩነቱ እነሱ ዛሬም አፈሩን እያቦኩ መሆናቸው ነው።

ግሌዝ በየትኛውም ከተማ ትምህርት ቤት ይማሩታል። የወለቃው ሙያ ግን በእስራኤል ያለው በእናቶች እጅ ብቻ ነው፤ ከሰሎሞን ዘመቻ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ አልፏል፣ በዚያን ጊዜ 40 ዓመት የሆናት ሸክላ ሠሪ ዛሬ አሮጊት ናት። ስለዚህ በፔታህ ቲክቫም ሆነ በሌላ ከተማ የምትኖሩ፣ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ከወለቃ፣ ከአምቦበር፣ ከደምቢያ፣ ከወገራ የመጡ አንባቢዎች ሆይ፣ በዚህ ሰንበት ጠይቋቸው። አፈሩ ከየትኛው ወንዝ ዳር ይመጣ ነበር? ገሉ ምን ያህል ይገባበታል? በየትኛው ቅጠል ይታፈናል? ለፋሲካ የሰበሩትን የት ይጥሉት ነበር? መልሳቸውን በስልካችሁ ቅዱት፤ በራሳቸው አማርኛ ወይም ትግርኛ እንዳለ ይቀመጥ።