ስኬትቦርድና የከተማ መሬት፤ በታሪኩ ላይ የተደረገ አጭር ምርመራ

ስኬትቦርድ ማለት አራት ትንንሽ መንኰራኵሮች ከሥሩ የተገጠሙለት፥ ሰው በላዩ ቆሞ የሚንሸራተትበት ጠባብ ሳንቃ ነው። ስለዚህ ጨዋታ ሲነገር ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ፋሽን ይቈጠራል፤ ወጣቶች ወደዱት፥ ሰለቹት፥ እንደ ገናም ወደዱት ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ግን የጨዋታው መውደቅና መነሣት ከወጣቶች ስሜት ይልቅ በሁለት ነገሮች የተወሰነ መሆኑን ነው፤ ይኸውም መንኰራኵሩ በተሠራበት ነገርና መንኰራኵሩ በሚሽከረከርበት መሬት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጨዋታው መነሻ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ጠረፍ ነው። የዚያ አገር ወጣቶች በባሕር ማዕበል ላይ በሳንቃ መንሸራተት ልማዳቸው ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት ማዕበል በማይኖርበት ቀን አንዳንዶቹ ባለ መንኰራኵር ጫማ እየፈቱ መንኰራኵሩን በሳንቃ ሥር ቸንክረው በእግረኛ መንገድ ላይ መንሸራተት ያዙ። (የጋራዥ ኩሽኔታ ከሳንቃ ጋር አያይዞ ቁልቁለት የወረደ ያገራችን ልጅ ነገሩን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።) በ1963 ላሪ ስቲቨንሰን ማካሃ በሚል ስም ሳንቃውን እያሠራ መሸጥ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በሄርሞሳ ቢች ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውድድር ተደረገ። በግንቦት 1965 ላይፍ የተባለው መጽሔት ፓት ማክጊ የተባለችውን የሴቶች ሻምፒዮን በሚሄደው ሳንቃ ላይ በእጆችዋ ቆማ በሽፋኑ ላይ አወጣት። ነገር ግን ዓመቱ ሳያልቅ ሐኪሞች ስለ አደጋው አስጠነቀቁ፥ ብዙ ከተሞችም ጨዋታውን ከለከሉ፥ ገበያውም ወደቀ።

ለመሆኑ የወደቀው ስለ ተሰለቸ ነውን? የዚያን ጊዜው መንኰራኵር ሸክላ መሰል ነገር ተጠቅጥቆ የሚሠራ ነበር። ሲታጠፉበት መሬቱን አይዝም፤ አንዲት ጠጠር ከገጠመችውም ሳንቃው ቀጥ ብሎ ይቆምና ሰውዬው ወደ ፊት ይወረወራል። ስለዚህ የሐኪሞቹ ማስጠንቀቂያ ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። በእኛ አስተያየት ጨዋታውን የጣለው የሹማምንት ክልከላ ብቻ ሳይሆን ሸክላው ራሱ ነው።

ለዚህም ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ ወጣት በ1970 በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሲጎበኝ ዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ መንኰራኵሮች አየ። የተሠሩት ለአዳራሽ መንሸራተቻ ጫማ ነበር። እርሱ ግን በሳንቃው ላይ ሞከራቸው፤ አስፋልቱን ያዙለት፥ ጠጠሩንም አለፉለት። ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ካዲላክ የሚል ስም ሰጥቶ ይሸጣቸው ጀመር፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ ሞቷል የተባለው ጨዋታ ተነሣ። አስፋልቱ ያው ነው፥ ቁልቁለቱም ያው ነው፤ የተለወጠው መንኰራኵሩ ነው።

መሬትን የሚይዝ መንኰራኵር ከተገኘ በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ይህም የመሬቱ ጥያቄ ነው። በሎስ አንጀለስ አካባቢ ከኮረብታ ሥር የተሠሩ ትምህርት ቤቶች ግቢያቸው ተዳፋት ሆኖ በአስፋልት የተለበጠ ነበር። በሳንታ ሞኒካ የነበረው የዜፈር ሱቅ ቡድን ልጆች በዚህ ተዳፋት ላይ፥ ማዕበል ላይ እንዳሉ ያህል፥ ጐንበስ ብለው መሬቱን በእጃቸው እየዳሰሱ ይታጠፉ ነበር፤ በ1975 በዴል ማር ውድድር ሲታዩ ብዙ ሰው ተደነቀ። በ1976ና በ1977 ካሊፎርኒያን ድርቅ ሲመታት የብዙ ሰዎች መዋኛ ገንዳ ውሃ አጥቶ ባዶውን ቀረ። የገንዳው ወለል ከግድግዳው ጋር የሚገናኘው በክብ ቅርጽ ስለ ሆነ ልጆቹ በአጥር እየዘለሉ ገብተው በግድግዳው ላይ ሽቅብ ይወጡ ጀመር። አንዳንድ ሰዎች ድርቁን የሁሉ ምክንያት ያደርጉታል፤ ነገር ግን በዴል ማር የታየው ስልት ከድርቁ በፊት ስለ ነበረ፥ ድርቁ ቦታ ጨመረ እንጂ ስልቱን አልወለደም።

በዚሁ ዘመን ነጋዴዎች በክፍያ የሚገባባቸው የሲሚንቶ ሜዳዎች ሠሩ፤ ዳሩ ግን የኢንሹራንሱ ወጪ ከብዷቸው አብዛኞቹ ተዘጉ። የኖርዌይ መንግሥትማ ከ1978 እስከ 1989 ሳንቃውን ጨርሶ ከልክሎ ነበር።

ሜዳው ሲዘጋ ጨዋታው ወደ ጐዳና ወጣ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በፍሎሪዳ አለን ጌልፋንድ ሳንቃውን በእጁ ሳይነካ አብሮት የሚነሣበትን ዝላይ አገኘ፤ ጥቂት ቈይቶ ሮድኒ ሙለን ይህንኑ በለጥ ያለ መሬት ላይ አደረገው። ከዚህ በኋላ ደረጃው፥ የድንጋይ መቀመጫው፥ የብረት መደገፊያው ሁሉ መጫወቻ ሆነ፤ የከተማም ክስ በረታ። ክሱ ሐሰት አይደለም፤ የድንጋዩ ጠርዝ በእርግጥ ይሸራረፋል፥ ሽማግሌ እግረኛም በእርግጥ ይደነግጣል። ነገር ግን አደባባይ ለማን ተሠራ? የፊላደልፊያ ከተማ ላቭ ፓርክ በሚባለው አደባባይ ጨዋታውን እየከለከለች፥ በ2001ና በ2002 ግን ኤክስ ጌምስ የተባለውን ትልቅ ውድድር በደስታ አስተናገደች፤ ይህን አድራጎት ማስታረቅ አይቻለንም። የአደባባዩን ሐሳብ ያፈለቀው የከተማ ፕላን ሊቅ ኤድመንድ ቤከን በጥቅምት 2002፥ በ92 ዓመቱ፥ ሰው ደግፎት በሳንቃ ላይ ወጥቶ በዚያው በተከለከለው ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ። ሆኖም ክልከላው አልተነሣም።

በለንደን ግን ከዚህ የተለየ ሆነ። በቴምዝ ወንዝ ዳር ከአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ሥር ያለውን ክፍት ቦታ ወጣቶች ከ1970ዎቹ ጀምረው ይጫወቱበት ነበር። በ2013 ቦታውን ለሱቆች ለማዋል ሲታሰብ ፊርማ አሰባስበው ተከራከሩ፤ በ2014ም ቦታው እንዲቀርላቸው ስምምነት ተፈረመ። በ2016 በአዲስ አበባ ለስኬትቦርድ የተሠራ ሜዳ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የፊላደልፊያው አደባባይ እንደ ገና ሊሠራ ፈረሰ። ጨዋታው በ2021 በቶክዮ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲገባ፥ ለጐዳናው ውድድር ከተሠራው ሜዳ ላይ የቆሙት ፖሊስ ልጆችን ሲያባርርባቸው የኖሩትን የሚመስሉ ደረጃዎችና የብረት መደገፊያዎች ነበሩ።