ቤት የሚመታ፣ ፊደል የሚከተል፦ የድምፅ ጨዋታና የልጆች ንባብ ታሪክ በጅቡቲ ከተማ

በጅቡቲ ከተማ፣ በአምቡሊ ሰፈር፣ ከድሬዳዋ የመጣች አንዲት እናት ቤት አንድ ምሽት ተጋብዤ ነበር። ሙቀቱ በረድ ሲል ልጆቹ በረንዳው ላይ ተሰብስበው እንካ ስላንቲያ ጀመሩ። ትልቋ ልጅ «በመርከብ» አለች። «ምን አለ በመርከብ?» ሲሏት ያለ ምንም ማመንታት «አንተ ዓሣህን ሸጠህ ብር ሰብስብ» ብላ መለሰች፤ ሁሉም ሳቁ። ተራው የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ሲሆን በዚያው ቃል ላይ «መኪና መጣ፣ መንገድ ሞላ» አለ። አክስቱ ሣቅ ብላ «ኧረ ቤት አልመታህም፤ ተሸንፈሃል» አለችው። ልጁም ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በእርሱ ጆሮ መልሱ ትክክል ነበርና።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ ልጅ እንባ ነው። ልጁ በቤቱ አማርኛ፣ በሰፈሩ ሶማልኛ፣ በትምህርት ቤቱ ፈረንሳይኛ ይሰማል። «መርከብ»ን ከ«መኪና»፣ ከ«መጣ»፣ ከ«መንገድ»ና ከ«ሞላ» ጋር ያዛመደው በዘፈቀደ አልነበረም፤ በሶማልኛ የቃል ጥበብ የሚገዛውን ሕግ፣ ማለትም የመነሻ ድምፅ ተከታታይነትን፣ ወደ አማርኛ ጨዋታ ይዞት ገባ እንጂ። ስለዚህ የሚነሣው ጥያቄ እንዲህ ነው፦ በብዙ ቋንቋ ለሚያድግ ሕፃን ቤት በሚመቱ የሥዕል መጻሕፍትና በጨዋታ ንባብን ማስተማር ስንፈልግ፣ የየትኛውን ቋንቋ «ቤት» ነው የምንመታው? መልሱን ለማግኘት በዚህች ከተማ የተገናኙትን የንባብ ትውፊቶች ታሪክ መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አማርኛ ወደ ጅቡቲ ከተማ በብዛት የገባው በባቡሩ ነው። የሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ነጋዴው፣ የባቡር ሠራተኛውና ቤተሰቡ ቋንቋቸውን፣ ጨዋታቸውንና የፊደል ገበታቸውን ይዘው ወረዱ። ዛሬ የሰኔ 27 አደባባይ ተብሎ የሚጠራው ስፍራ የምኒልክ አደባባይ ይባል እንደነበረ ማስታወስ ብቻ የሁለቱን ሀገሮች ቅርበት ያመለክታል። ከተማዋ ግን የሶማልኛና የአፋርኛ ተናጋሪዎች ከተማ ናት። በ1977 ነፃነት ሲታወጅ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ሆኑ፤ ሶማልኛና አፋርኛ ሬዲዮ ላይና ገበያ ላይ እየነገሡ፣ የሕፃኑ የመጀመሪያ የንባብ ትምህርት በአመዛኙ በፈረንሳይኛ ቀጠለ።

በመጀመሪያ የአማርኛን ትውፊት እንይ። የቄስ ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ በድርቅ ቃል ጥናት ይታማል፤ ትችቱ ከፊል እውነት አለው። ይሁን እንጂ ፊደል ቆጠራው በራሱ የድምፅ ጨዋታ ነው። ልጁ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ» እያለ በዜማ ገበታውን ወደ ጎን ይቆጥራል። ገበታውን በቃሉ ሲይዘውና ፊደሉን ሳያይ በድምፁ ብቻ መሮጥ ሲጀምር፣ መምህሩ አቡጊዳን ያመጣበታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ተነባቢውም አናባቢውም በየእርምጃው ይለወጣሉ። እንግዲህ ልጁ በለመደው ዜማ መደገፍ አይችልም፤ እያንዳንዱን ቅርጽ ለይቶ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። ፒተር ዳንኤልስ በ1990 ይህን ስም ለአንድ የጽሕፈት ሥርዓት ዓይነት መጠሪያ ሲያደርገው፣ ቃሉ በዓለም የሥነ ልሳን መጻሕፍት ውስጥ ገባ፤ በመነሻው ግን የሕፃናት ማስተማሪያ ዘዴ እንደ ነበረ እምብዛም አይነገርም።

ከገበታው ውጭ ደግሞ ልጁ እሽሩሩን፣ እንቆቅልሽን፣ አኩኩሉንና እንካ ስላንቲያን ነበረው። እንካ ስላንቲያ የዘለፋ ጨዋታ ይመስላል፤ በተግባር ግን የቃልን መጨረሻ ለይቶ መስማትን ያሠለጥናል። እዚህ ላይ የቋንቋው የራሱ ስያሜ አንድ ነገር ያስተምረናል። በአማርኛ «ቤት» የግጥም መድረሻ ነው፤ በቅኔ ደግሞ ስንኙ ራሱ ነው፤ ጉባኤ ቃና ባለ ሁለት ቤት ይባላል። የአንድ ፊደል ዘርም «የለ ቤት»፣ «የመ ቤት» ተብሎ ይጠራል። «መርከብ» እና «ሰብስብ» ቤት ሲመቱ ሁለቱም በ«ብ» ያልቃሉ፤ ጆሮ የሰማውን ዓይን በአንድ ቅርጽ ያገኘዋል። ስለዚህ በአማርኛ ቤት የሚመታ የሥዕል መጽሐፍ መዝናኛ ብቻ ሳይሆን፣ ፊደልንና ድምፅን የሚያገናኝ መሣሪያ ሊሆን ይችላል።

የሶማልኛው ትውፊት በሌላ በር ይገባል። የሶማልኛ ባህላዊ ግጥም በመድረሻ ሳይሆን በመነሻ ድምፅ ይተሳሰራል፤ አንድ ግጥም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ተነባቢ ይከተላል፤ በአናባቢ የሚነሡ ቃላት ደግሞ አናባቢያቸው ቢለያይም እርስ በርሳቸው ይዛመዳሉ። ይህ ሥርዓት «ሐረፍራዕ»፣ ማለትም «ፊደል መከተል»፣ ወይም «ሂጋድ» ይባላል። «ሂጋድ» ግን የፊደል ቆጠራም ስም ነው። ትውፊት እንደሚለው፣ መቃብራቸው በሐርጌሳ አጠገብ የሚገኘው ሼክ ዩሱፍ አል ከውነይን ወይም አው በርኸድሌ፣ የዓረብኛ አናባቢ ምልክቶችን ለሶማሌ ልጆች ለማስተማር የሶማልኛ መጠሪያ ፈጠሩላቸው፤ «አሊፍ ላ ኮርደበይ፣ አሊፍ ላ ሆስደበይ፣ አሊፍ ላ ጎደይ» እየተባለ በዱግሲ ውስጥ በእንጨት ሎሕ ላይ በዜማ ይቆጠራል። የባዕድ ጽሕፈት በእናት ቋንቋ ድምፅ ተገራ ማለት ነው።

ሁለቱን ስያሜዎች ጎን ለጎን ስናኖራቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። አማርኛ የግጥም መድረሻንና የፊደልን ዘር «ቤት» ሲል፣ ሶማልኛ የግጥም መነሻንና የፊደል ቆጠራን «ሂጋድ» ይላል። ሁለቱም ሕዝቦች፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀዳ፣ የግጥም ጆሮና የንባብ ዓይን ዘመዳሞች መሆናቸውን በቋንቋቸው መዝግበዋል። ልዩነቱ ዝምድናው በቃሉ ጫፍ ወይም በቃሉ ራስ ላይ መሆኑ ነው።

የሶማልኛ የላቲን ጽሕፈት በጥቅምት 1972 በሞቃዲሾ ከታወጀ በኋላ የቃሉ ጥበብ በጽሑፍ የሚመረመርበት መንገድ ሰፋ፤ በ1976 መሐመድ ሐሺ ዳማዕ «ጋሪዬ» የግጥሙን ምጣኔ ሕግ በጋዜጣ አሳተመ፤ ዓብዱላሂ ዲሪዬ ጉሌድም በዚሁ ዘርፍ ሠርቷል። በዚያው አሥርት ዓመታት ዲሚስና ሬዶ ለአፋርኛ የላቲን ፊደል አዘጋጁ። ዲዲዬ ሞረን በ1997 ያሳተመው የአፋር ባህላዊ ግጥም ጥናትም ለልጆች መጽሐፍ አዘጋጅ የሚሆን ምንጭ እንዳለ ያሳያል። መሣሪያው በእጅ አለ፤ የጎደለው ለሕፃናት መዋሉ ነው።

ሦስተኛው ትውፊት በትምህርት ቤት የሚመጣው የፈረንሳይኛ የልጆች ግጥም ነው። እርሱም እንደ አማርኛው በመድረሻ ይዛመዳል፤ ዓይንንና ጆሮን ግን ይለያያቸዋል። «ውሃ» የሚለው «ኦ»፣ «ቃል» የሚለው «ሞ»፣ «ሙቅ» የሚለው «ሾ» በድምፅ አንድ መድረሻ ሲኖራቸው፣ በጽሕፈት ሦስቱም በተለያየ ሆሄ ያልቃሉ። ዶክተር ሱስ በ1957 በ236 የተለያዩ ቃላት ብቻ ዝነኛውን የድመት መጽሐፍ ሲጽፍ፣ «ካት» እና «ሃት» የመሳሰሉ ድምፃቸውም ሆሄያቸውም የሚገጥሙ ቃላትን በብዛት ተጠቀመ። ያ መጽሐፍ በትርጉም ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ታሪኩ ይሻገራል፤ የማስተማሪያ ሞተሩ ግን ወደብ ላይ ይቀራል።

ይህ የግጥም ቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሊኔት ብራድሊና ፒተር ብራያንት በ1983 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ከተሰጧቸው ቃላት መካከል በድምፅ የማይዛመደውን የመለየት ችሎታቸው ከኋለኛው የንባብ ውጤታቸው ጋር እንደሚገናኝ አሳይተዋል። ሁለት ነገሮች ለእኛ ይጠቅማሉ። አንደኛ፣ ፈተናው የቃልን መድረሻ ብቻ ሳይሆን መነሻንም ይጨምር ነበር። ሁለተኛ፣ የተሻለ ውጤት ያሳዩት ድምፅ መለየትን ከፊደል ቅርጾች ጋር አጣምረው የሠለጠኑት ልጆች ነበሩ። በዚህ መለኪያ የአምቡሊው ልጅ አልተሸነፈም፤ የቃልን መነሻ ለይቶ አራት ጊዜ ደግሞታል። የተሸነፈው አንዱን መንገድ ብቻ የሚቆጥረው ዳኝነታችን ነው።

በኢትዮጵያ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት የታየው ሙከራ እዚህ ላይ ትምህርት አለው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በቴሌቪዥን ለረጅም ዓመታት ተረትን በቤት ውስጥ አንደበት ለልጆች አቀረቡ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ2003 በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ የብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ፕሮግራምም ቀጭኔ አሻንጉሊትን ባለታሪክ አድርጎ ፊደልን ከዘፈንና ከጨዋታ ጋር አዋሐደ። ሦስቱም የተሳካላቸው ከልጁ ጆሮ ስለጀመሩ ነው። ሦስቱም ግን ተመልካቻቸው አማርኛ የሚሰማ ልጅ መሆኑን ታምነው ነበር፤ በጅቡቲ ያ እምነት አይበቃም።

ስለዚህ በዚህች ከተማ ለሕፃናት መጽሐፍ ለሚያዘጋጁ ባልንጀሮቼ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ግጥም አይተርጎም፤ ሥዕሉና ታሪኩ አንድ ሆኖ፣ ፍየሉም፣ ጀልባውም፣ የወደቡ ክሬንም በየቋንቋው በራሱ ሕግ ይገጠም፤ የአማርኛው ቤት ይምታ፣ የሶማልኛው ፊደል ይከተል፣ የአፋርኛው ከአፋር ባለቅኔዎች ይጠየቅ። የመጽሐፉ ጥሬ ሀብት ከጸሐፊ ጠረጴዛ ሳይሆን ከበረንዳ ጨዋታ በድምፅ ተቀድቶ ይሰብሰብ። የልጆችን የንባብ ዝግጁነት የምንለካበት ፈተናም የመነሻንም የመድረሻንም ዝምድና እኩል ይቁጠር።

በዚያ ምሽት ጨዋታው ሊበተን ሲል ሶማልኛ የሚናገሩ ጎረቤት አያት ልጁ ለምን እንዳኮረፈ ጠየቁ። የተናገረውን ደግሞ ሲነግራቸው የአማርኛውን ትርጉም አልተረዱም፤ ድምፁን ግን ሰምተው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። ልጁም ፈገግ አለ። እኅቱ ትንሽ አሰበችና በዚያው በ«መ» የሚነሣ ሌላ ቃል ጨመረችለት።