የጥያ ትክል ድንጋዮች ምስክርነት፦ ሳይንስ ያለ እምነት ይቆማልን?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ ጉራጌ ምድር፣ የጥያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ስፍራው 36 ሐውልቶች ሲኖሩት፣ 32ቱ ልዩ ልዩ ምልክቶች ተቀርጸውባቸዋል፤ በብዙዎቹ ላይ ጎልቶ የሚታየው የጎራዴ ምስል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። የአካባቢው ትውፊት ግን «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ያቆሟቸውም ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም እንደሆኑ ይተርካል።

ቁፋሮው ይህን ትረካ አልደገፈም። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም የመራው ጥናት በድንጋዮቹ ሥር መቃብሮችን አገኘ፤ በራዲዮካርቦን የተለካው ዕድሜያቸውም ኢማሙ እ.ኤ.አ. በ1543 ወይና ደጋ ላይ ከወደቁበት ጊዜ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል።

ታዲያ ልኬቱን ለምን እንቀበላለን? ካርቦን 14 በ5730 ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስሌቱ የቆመው ይህ ፍጥነት ዛሬም ጥንትም አንድ ነው በሚል መነሻ ላይ ነው። ተፈጥሮ ሥርዓቷን ጠብቃ ትሄዳለች የሚለውን መነሻ ግን ሙከራ ብቻውን አያስገኘውም፤ ሙከራ ራሱ የሚጀምረው እርሱን ተቀብሎ ነውና። ኢማም አል-ገዛሊ «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተባለው ሥራቸው ስለ እሳትና ጥጥ ሲመረምሩ፣ ዓይን የሚያየው የሁለቱን መከታተል እንጂ አስገዳጅ ትስስራቸውን እንዳልሆነ አሳይተዋል። ሆኖም በዚያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ በሒሳብ የተረጋገጠውን የግርዶሽ ስሌት በሃይማኖት ስም የሚክድ ሰው ሃይማኖቱን እንደሚጎዳ አስጠንቅቀዋል።

እዚህ ላይ «እምነት»ን ከ«አመኔታ» መለየት ይገባል። ሳይንስ ያለ አመኔታ አይቆምም፤ አመኔታው ግን የሚጠየቅ ነው። የራዲዮካርቦን ዘዴ መሥራች ዊላርድ ሊቢ በከባቢ አየር ያለው የካርቦን 14 መጠን እንዳልተለዋወጠ ገምቶ ነበር። ዕድሜያቸው በታወቀ የዛፍ ቀለበቶች ሲፈተን መጠኑ ከፍና ዝቅ ይል እንደነበር ታወቀ፤ ስሌቱም ታረመ። የሐዲሥ ሊቃውንት ዘጋቢውን የሚቀበሉት ታማኝነቱንና የማስታወስ ችሎታውን መርምረው ነው፤ ጉድለት ሲገኝበትም ዘገባውን ደካማ ይሉታል። ሁለቱ ዘዴዎች በሚመረምሩት ነገር ቢለያዩም፣ አመኔታን በምርመራ ማጽናታቸው ያቀራርባቸዋል።

ልኬቱ የራሱ ወሰን አለው። ሟቹ መቼ እንደተቀበረ ይጠቁማል፤ ጎራዴው በቀራጩ ልብ ምን ትርጉም እንደነበረው ግን አይናገርም። ትውፊቱም በበኩሉ የድንጋዮቹን ዘመን ባይነግረንም፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት በሕዝቡ ትዝታ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ይመሰክራል።

እንግዲህ መምህሩም ኢማሙም «የግራኝ ድንጋይ» የሚለውን ስም እንደ ትውስታ ያቆዩት፤ እንደ ዘመን ማስረጃ ግን አያስተምሩት። ሱረቱል ሑጁራት የመጣልንን ወሬ እንድናጣራ ያዘናል፤ ማጣራቱም የሚያኮራንን ወሬ ጭምር ይመለከታል።