ውቤ አሠራው፣ ካሣ ነገሠበት

እህ በሉኝማ! ከጎንደር ተነሥታችሁ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ብትጓዙ ደባርቅ ትገባላችሁ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፋችሁ ተራራውን ስትሻገሩ ጃናሞራ ነው። ውርጩ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ እህሉ ገብስ ነው፤ ሜዳው ላይ ጭላዳ ይግጣል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ደጀን ጎረቤት ነው። ከመካነ ብርሃን ብዙም ሳትርቁ ደረስጌን ታገኛላችሁ።

ይህ ስሜን የሚባል አገር ገደሉ ቅጥሩ ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እዚህ ደጋ ላይ ተደላድሎ ነው ትግሬን ሁሉ የገዛው። ግዛት ሲሰፋ ደግሞ ዘውድ ያምራል። እናም ውቤ ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠራ፤ ጀርመኖቹ ሺምፐርና ዛንደር በሥራው እንዳሉበት ይነገራል። ሕንጻው ለገዛ ንግሡ የታሰበ ነው ይላሉ። ቀቢው ጳጳስም አልጠፋም፦ አቡነ ሰላማን በ1834 ዓ.ም. ከግብፅ ያስመጣቸው ራሱ ውቤ ነበር። ደብር አለ፣ ጳጳስ አለ፣ ጠመንጃ አለ። ምን ቀረ?

የቀረው የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው!

ካሣ በ1845 ዓ.ም. ተቀናቃኞቹን መሳፍንት፣ ደጃዝማች ጎሹን ጉር አምባ ላይ፣ ራስ አሊን አይሻል ላይ ድል ነሥቷል። አቡኑም ወደ እሱ ዞረዋል። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ጦሩን እየመራ ስሜን ወጣ፤ ደረስጌ ላይ ገጠሙ፤ ውቤ ተማረከ። ገና የጦርነቱ አቧራ ሳይሰክን፣ ውቤ ባሠራው ደብር፣ ውቤ ያስመጣቸው አቡን ካሣን ቀቡት። ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። እኔን ከጦርነቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ድግሱን ደጋሹ አንድ፣ የበላው ሌላ!

ነገሩ በዚህም አላበቃ። ቴዎድሮስ ኋላ የእስረኛውን ልጅ፣ ጥሩወርቅ ውቤን አገባ። ዓለማየሁ ተወለደ፤ ያሸናፊው ልጅ፣ የተሸናፊው የልጅ ልጅ። በ1860 ዓ.ም. የቴዎድሮስ ምሽግ መቅደላ በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ አባት ራሱን ገደለ፤ እንግሊዞች እናትና ልጅን ይዘው ሲወርዱ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተች። ልጁ ባሕር ተሻግሮ፣ በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር አረፈ፤ ዊንዘር ተቀበረ።

ጎንደር የሚመጣ እንግዳ የፋሲልን ግንብ አይቶ ይመለሳል፤ ደባርቅ የሚደርሰውም ዋልያ ፍለጋ ነው። ደረስጌን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ይህ ደግሞ ጥፋቱ የኛው፣ የነጋሪዎቹ ነው። የዓለማየሁን ነገር ጠይቃችሁኝ እንደሆነ፣ አፅሙ ለአገሩ ይብቃ ተብሎ ለቀረበው ጥያቄ የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 የሰጠው መልስ አይሆንም የሚል ነው።