ከአንድ ንቅናቄ ሁለት ጎራ፦ የመኢሶንና የኢሕአፓ ጠብ በቃላት ታሪክ ሲታይ



የፖለቲካ ዋልታ ረገጥነት ሲነሣ በአብዛኛው የምናስበው በሐሳብ እጅግ የተራራቁ ወገኖችን ነው። የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) እና የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ግን የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. በሐምቡርግ፣ ኋላ ኢሕአፓ የተባለው ድርጅት በ1964 ዓ.ም. በበርሊን ተመሠረቱ። የሁለቱም መሥራቾች በተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ ያደጉ፣ «መሬት ላራሹ» የሚለውን ጥያቄ የሚጋሩ፣ ራሳቸውን ማርክሳዊ ብለው የሚጠሩ ነበሩ። በ1966 ዓ.ም. ክረምት በኅቡዕ መውጣት የጀመሩት «ዴሞክራሲያ» እና «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»ም ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ይጠይቁ ነበር።

መንገዱ የተለያየው ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ካደረገ በኋላ ነው። ጥያቄው ከባድ ነበር፤ የተማሪውን ጥያቄ ወታደሩ ሲመልሰው ተማሪው ምን ያድርግ? መኢሶን «ሒሳዊ ድጋፍ» የሚለውን አቋም ያዘ። ኢሕአፓ ወታደራዊ መንግሥት በያዘው አብዮት ሕዝቡ የሥልጣን ባለቤት አይሆንም አለ። በእኔ ግምት ሁለቱም አቋሞች በቅን ልቦና ሊያዙ የሚችሉ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ ላይ የተካሄደው ክርክርም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ዴሞክራሲያዊ መብት ያለ ገደብ ይሰጥ ወይስ ለጭቁኖች ብቻ የሚለው ሙግት ዛሬም ቢነበብ ቁም ነገር አለው።

ክርክሩን የበላው ስያሜ ነው። ኢሕአፓ መኢሶንን «ባንዳ» አለ። ይህ ቃል ከጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣ ነው፤ ለጠላት ያደረ የአገር ልጅን ያመለክታል። አባቱ ወይም አያቱ አርበኛ ለሆነ ሰው ባንዳ የሚሞግቱት ሰው አይደለም። መኢሶንና ደርግ በበኩላቸው ኢሕአፓን «አናርኪስት» አሉት። ይህኛው ቃል ከሌላ አቅጣጫ አደገኛ ነበር፤ አብዛኛው ሰሚ ቀድሞ የማያውቀው የባዕድ ቃል ስለ ነበር ተናጋሪው የፈለገውን ትርጉም ሊሞላበት ቻለ። ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ በቀበሌ ስብሰባ የተጠራበት ሰው ወደ እስር፣ አልፎም ወደ ሞት ይወሰድ ጀመር።

የኅቡዕ አኗኗርም የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። በብዕር ስም የተጻፈን ጽሑፍ ደራሲ ቀርቦ «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም። መልሱም የሚጻፈው በሌላ ስም ለተሸሸገ ሰው ነበር።

መስከረም 1969 ዓ.ም. በሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ወዲያውም የመኢሶኑ መሪ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። «ማን ቀድሞ ተኮሰ?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ በወጡት ትዝታዎች ሁሉ ይመላለሳል። የክፍሉ ታደሰን «ያ ትውልድ» እና የአንዳርጋቸው አሰግድን «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ» ጎን ለጎን የሚያነብ ተማሪ ይህንን በቀላሉ ይረዳል። ጥያቄው መጠየቅ አለበት፤ ነገር ግን ሁለቱን ድርጅቶች ብቻ ስንመዝን እስር ቤቱም መትረየሱም በደርግ እጅ እንደ ነበር እንዳንዘነጋ። የቀይ ሽብርን ዋና ኃላፊነት የሚሸከመው መንግሥት ነው።

መኢሶን ራሱ ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ገባ፤ ከባልደረቦቹ ብዙዎቹ ተያዙ። ያኔ በኢሕአፓ ውስጥ ደግሞ «አንጃ» የሚለው ቃል በገዛ አባላት ላይ ይሠራ ነበር፤ ከተባሉት አንዱ ከፓርቲው መሥራቾች የሆነው ብርሃነ መስቀል ረዳ ነው። እርሱንም፣ የመኢሶኑን ኃይሌ ፊዳንም ደርግ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው።